«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፦ የምሳሌው ትርጉምና መነሻ

ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ያልሰማ የአማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ያስቸግራል። የዕድር ዳኛ መዋጮ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌ ለሠርግ ድግስ ጎረቤቱን ሲያስተባብር፣ የሰፈር ኮሚቴ ጎርፍ የሸረሸረውን መንገድ በጋራ እንጠግን ሲል ይጠቅሰዋል። በዚህ አጠቃቀሙ የሚተላለፈው ትርጉም ግልጽ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚከብድ ነገር ብዙዎች ሲካፈሉት ይቀላል። ይህ ትርጉም ትክክል ቢሆንም የምሳሌውን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው። ተናጋሪው «ለሃምሳ ሰው ቅለቱ» ማለት ሲችል «ጌጡ» ብሎ ነው የጨረሰው። ስለ ደግነትና ማንንም ወደ ጎን ስለማይተው ማኅበራዊ ኑሮ የምንማረው በዚህ ሁለተኛ ግማሽ ውስጥ ስለሆነ፣ እኔም ሰፋ አድርጌ ላየው የምፈልገው እሱን ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ሸክሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሐዋሳ ገበያ ውስጥ ሎሚ በመደብ ይሸጣል። ሻጯ ማዳበሪያ መሬት ላይ ዘርግታ አራት አራቱን ወይም አምስት አምስቱን ትከምራለች፤ ገዢ አንዱን መደብ ሲያነሣ ሌሎቹ ተንከባለው እንዳይበተኑ በመዳፏ ከልላ ትይዛቸዋለች። የአገራችን ሎሚ ትንሽ ናት፤ ሃምሳው በአንድ ላይ ቢመዘን ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ብዙም አይርቅም። ጤነኛ ሰው ይህን ያህል ክብደት ይዞ ቤቱ ቢደርስ ወገቡ አይጎብጥም። ታዲያ ምሳሌው ስለ ምን ሸክም ይናገራል? ሎሚዎቹን ያለ ዘንቢል፣ በባዶ እጁ ለመያዝ የሞከረ ሰው መልሱን ያገኘዋል። ሁለት መዳፍ ሰባት ስምንት ቢይዝ ነው፤ የወደቀውን ለማንሣት ጎንበስ ሲባል በእጅ የነበረውም ይፈስሳል። ብቻውን የሆነው ሰው የተቸገረው እንግዲህ ጉልበት አንሶት ሳይሆን እጅ አንሶት ነው። በችግር ላይ ያለን ሰው ሁሉ ደካማ አድርጎ የማየት ልማድ ስላለን ይህን ልብ ማለት ይጠቅማል። የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናቷን እያስታመመች፣ ጉሊት ቸርችራ ልጆቿን የምታስተምር ሴት ከብዙዎቻችን ትበረታለች፤ የጎደላት አንድ ተጨማሪ እጅ ብቻ ነው።

ወደ ጌጡ እንምጣ። የምሳሌያዊ አነጋገር ደራሲው ሕዝብ በመሆኑ መነሻው የሚፈለገው በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ነው። በአገራችን ሎሚ የወጥ ቤት ዕቃ ብቻ ሆና አታውቅም። ሽቶ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ሰው ወደ በዓል ሲወጣ ሎሚ በእጁ ይዞ እያሸተተ ይሄድ ነበር። ጥር 11 ቀን፣ በጥምቀት ዕለት፣ ጎረምሳው ለወደዳት ልጃገረድ ሎሚ ይወረውራል፤ እሷም ካነሣችው መውደዷ ይታወቃል። አንዲት ሎሚ መያዝ እንደ ነጭ ልብስና እንደ ሹሩባ ሁሉ ለበዓል ማጌጫ ነበር። በሃምሳ ሰው እጅ ላይ ያለች ሎሚም የተቃለለች ሸክም አይደለችም፤ ያዡን የበዓሉ ባለቤት የምታደርግ ጌጥ ናት።

ስለ ኅብረት የሚናገሩ ሌሎች ምሳሌዎቻችን ከዚህ የተለየ መንፈስ አላቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ጠላትን ያስባል፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውም ጉልበትን ይቆጥራል። ሁለቱም ሰው የሚፈለገው ለአንድ ጉዳይ መሣሪያ እንዲሆን ነው የሚሉ ያስመስላል፤ አንበሳው ከታሰረ በኋላ ድሩ ምን እንደሚሆን አይነግሩንም። በሎሚው ምሳሌ ውስጥ የሚታሰር አንበሳም የሚሸነፍ ብርቱም የለም። ሃምሳው ሰዎች የሚያተርፉት ነገር አብሮ ማጌጥ ነው። ከሦስቱ ይህን የማስበልጠው ስለዚህ ነው።

ሆኖም ምሳሌው አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ከሃምሳው እያንዳንዱ አንድ ሎሚ ሊደርሰው ይገባል። አርባ ሰባት ሰዎች ሎሚ ይዘው ሦስቱ ባዶ እጃቸውን ከቆሙ፣ ሸክሙ በርግጥ ቀሏል፤ ጌጡ ግን ጎድሏል። ደግነትን በዚህ መለኪያ ስንመዝነው ብዙ ጊዜ የምንሠራውን ስሕተት እናያለን። ለተቸገረ ሰው እንጀራ መስጠት እናውቅበታለን፤ ድርሻ መስጠት ግን ይከብደናል።

ይህ ከየትም በላይ የሚታየው በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ጎረቤት ሆኖ የሚኖርበት ሰፈር ብዙ ነው፤ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ከምባታው በአንድ ዕድር ታቅፎ አንዱ የሌላውን ቀብር ያስፈጽማል። ሰው ሲያርፍ ካስማ የሚመታ፣ አግዳሚ ወንበር ከጋሪ የሚያወርድ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ቡና የምታፈላ፣ ለቀስተኛ የሚቀበል ወዲያው ይመደባል። በክራንች የሚሄዱ አንድ አባት ሊረዱ ብድግ ሲሉ ግን «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ምን አደከመዎ» ይባላሉ። ይህን የሚናገረው ወጣት ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም አክብሮት እንዳሳየ ይሰማዋል። አባባም ተቀምጠው ቡና ይቀርብላቸዋል፣ ንፍሮ ይዘገንላቸዋል፤ ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ ግን ሲጠጡና ሲመለከቱ ይውላሉ። በሌላ ድንኳን ውስጥ ደግሞ እንደ እሳቸው ያሉ ሰው የመዋጮ መዝገብ ተሰጥቷቸው አይቻለሁ። ጠረጴዛው ከመግቢያው አጠገብ ነበር። የሚገባው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ጎንበስ ብሎ ስሙን ያስመዘግባል፤ «የማን ልጅ ነህ? ከየት ሰፈር መጣህ?» ይሉታል፤ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ብሩን ይቆጥራሉ፣ ይጽፋሉ። ሲመሽ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በድንኳኑ ውስጥ አልነበረም። በሁለቱ አባቶች መካከል የተለየው አንድ ነገር ነው፤ የዕድሩ ዳኛ ከመመደቡ በፊት «ምን ልሥራ ይላሉ?» ብሎ ጠይቋቸዋል።

አስቀድሞ መጠየቅ ለከተማዋ ባዕድ ልማድ አይደለም። በሲዳማ ባህል አፊኒ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ጉባኤ ላይ ጉዳዩን የሚያቀርብ ሰው «ሰምታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሸንጎውም መስማቱን አረጋግጦ ነው ወደ ፍርድ የሚያልፈው። በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጨምበላላ በዓልም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በበዓሉ መጀመሪያ ቀን ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ፤ የተጎበኘውም ቤት ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የተሠራ ቡርሳሜ ያበላቸዋል። ልጅ ተሸክሞ የሚሄደው ሰላምታ ብቻ ቢሆንም፣ በዚያ ቀን የበዓሉ ከፋች እሱ ነው። በሎሚው ምሳሌ አነጋገር፣ ለትንሹም ሰው የሚደርሰው ሎሚ አለ ማለት ነው።

ሐዋሳ ይህ ሲጎድል የሚመጣውንም አይታለች። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በከተማዋ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ለዓመታት ጎረቤት የነበሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ቁስል በአንድ ምሳሌ አይሽርም፤ የሞተባቸው ሰዎች ሐዘን ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል። ነገር ግን ጎረቤቱን በብሔሩ ብቻ የሚያውቅ ሰውና ጎረቤቱን «የዕድራችን ገንዘብ ያዥ» ብሎ የሚያውቅ ሰው በክፉ ቀን አንድ ዓይነት ውሳኔ ይወስናሉ ብዬ አላምንም። ድርሻ ያለው ሰው በሌሎች ዓይን ስምና መልክ ያገኛል።

ሕጋችንም ከምሳሌው አልራቀም። አካል ጉዳተኞች በሥራ ስምሪት አድልዎ እንዳይደረግባቸው የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568 በ2000 ዓ.ም.፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለእነሱ አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ያዘዘው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን አጽድቃለች። ይሁን እንጂ በደረጃ ብቻ የሚወጣበት ሕንፃ ዛሬም በየከተማው ሞልቷል። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው እንዲህ ያለው ሕንፃ በር ላይ ሲደርስ አራት ጎረምሶች ተሸክመው ያወጡታል። ጎረምሶቹ ደግ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። ሆኖም ሕንፃው በልኩ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ሰውየው የማንም ሸክም ሳይሆን ወደ ስብሰባው ይገባና ድምፁን ይሰጥ ነበር።

በሐዋሳ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ የኅብረተሰብ ክፍል አለ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች ከሲዳማ ገጠርና ከአጎራባች አካባቢዎች ወደ ከተማዋ መጥተው ይኖራሉ። ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ማለዳ በሰርቪስ ይወጣሉ፣ ማታ ደክሟቸው ይገባሉ። ሰፈሩ ያውቃቸዋል፤ ይሁን እንጂ «ተከራዮቹ» ከማለት ያለፈ ስም አልሰጣቸውም። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው ቤት ንብረት ላለው አባወራ ነው፤ አዲስ ገቢ በአንድ ጊዜ የሚከፍለው መመዝገቢያም ከወር ደመወዛቸው ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ከእነሱ አንዷ የእናቷን መርዶ ብትሰማ በግቢው ውስጥ ድንኳን የሚተክልላት የለም፤ የክፍል ጓደኞቿ ናቸው አቅፈዋት የሚያድሩት።

ይህን ለማስተካከል አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። መመዝገቢያውን በየወሩ እንዲከፈል መከፋፈል የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ብቻ ነው የሚጠይቀው። አከራይ የሆነ የዕድር አባል ተከራዮቹን ይዞ ወደሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ሊሄድና ራሱ ዋስ ሆኖ ሊያስመዘግባቸው ይችላል። ሲመዘገቡም የሥራ ፈረቃቸው ተጠይቆ፣ የቀን ፈረቃ ያላት ማታ ዕቃ በማጠብ፣ የማታ ፈረቃ ያላት ጠዋት ለቀስተኛ በመቀበል ተራ ይያዝላት።