የተሸበሸበ ግንባር ስለ ልብ ይናገራል?

«ግንባርህን አይቶ የልብህን ጤንነት ማወቅ ይቻላል» የሚል ወሬ አለ። በእኛ በጎጃም ገና በጉልምስናው ግንባሩ የሚሸበሸብ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ነገሩን አጥርተን እንየው።

«ግንባሩ የተሸበሸበ ሁሉ የልብ ሕመምተኛ ነው»

ወሬው መነሻ አለው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች 3,200 ያህል ጤነኛ ሠራተኞችን ለ20 ዓመት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አቅርበዋል። ብዙና ጥልቅ የግንባር መስመር ያላቸው ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ምንም መስመር ከሌላቸው አሥር እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ያስደነግጣል። ነገር ግን ሁለት ነገር አብሮ ታየ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ደግሞም በ20 ዓመት ውስጥ በማንኛውም ምክንያት የሞቱት በጠቅላላ 233 ሰዎች ናቸው።

ፀሐይንም አንርሳ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ ተራራ ግርጌ ገበሬ ከዚያም ከፍ ብሎ ነው የሚያርሰው። ከፍታ ሲጨምር ቆዳ የሚጎዳው ጨረርም ይበረታል። የእሱን ግንባር ፀሐይ አርሶት ሊሆን ይችላል።

«ፊቱ ለስላሳ ከሆነ ልቡም ደህና ነው»

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የልብ ሕመም የሚጀምረው በልጅነት የጉሮሮ ቁስለት ነው። ቁስለቱን የሚያመጣው ባክቴሪያ በወጉ ካልታከመ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የልብን በሮች ሊያጠቃ ይችላል። እንዲህ የታመመች ተማሪ ፊቷ ላይ አንድ መስመር የላትም፤ ዳገት ስትወጣ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። እባካችሁ፣ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው፣ ሲያተኩሰው ወይም ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ሲዞርበት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም።

«የደም ግፊት ቢኖርብኝ ራሴን ያመኝ ነበር»

ብዙ ጊዜ አያምም። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ይዞት ይኖራል። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

«መሸብሸቡ በክሬም ከጠፋ ሥጋቱም ይጠፋል»

አይጠፋም። ሲጋራ ቆዳንም የደም ሥርንም ይጎዳል፤ ክሬሙ ደም ሥር ውስጥ አይገባም።

«እንግዲያው ፊት ላይ የሚታይ ምልክት የለም»

ይህም ልክ አይደለም። የዓይን ቆብ ላይ፣ በአፍንጫ በኩል፣ ቢጫ እብጠት ካያችሁ የኮሌስትሮል ምርመራ አድርጉ።