በጎጃም ዓሣ ማጥመድ ከወላጅ ወደ ልጅ

ጎጃምን ውሃ ከቦታል። በሰሜን ጣና አለ፤ በቀረው ወገን ዓባይ ዞሮ ይይዘዋል። ያም ሆኖ አብዛኛው ጎጃሜ ገበሬ ነው። ልጁ ሞፈርና ቀንበር እንጂ መንጠቆ አይወርስም። ደጋው ላይ ዓሣ ሳይቀምስ ያረጀ ሰው ሞልቷል። ዓሣ ማጥመድ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደው በዋናነት በሐይቁ ዳር ነው፤ ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ኩንዝላ፣ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና በሚገባበት አካባቢ፣ እንዲሁም ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወርድበት ዳርቻ።

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ስለሚሆን ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ መውጣት አይችልም። በዚህ ምክንያት የጣና ዓሦች ለብቻቸው ተለይተው ኖረዋል። ከሁሉም የሚገርመው ነጭ ዓሣ የምንለው ነው። አንድ ዓይነት ይመስለናል እንጂ ወደ 15 የሚሆኑት ዝርያዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ግማሽ ያህሉ ደግሞ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ አሳደው ይበላሉ። ቀረሶና አምባዛ በሌላም አገር ውሃ አሉ። በገበያው ላይ ግን የሚገኙት ሦስቱም ናቸው፤ ልጅም መጀመሪያ ለይቶ የሚያውቀው እነዚህኑ ነው።

ስለ ጣና አጥማጅነት ሲነሳ መቅደም ያለባቸው ነገደ ወይጦ ናቸው። በሐይቁ ዳር ለዘመናት ኖረዋል። ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ተክል ታንኳ ይሠራሉ። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተገልለዋል፤ ይህ ያሳዝናል። የጣናን ውሃ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሕዝብ ውሃው ዳር ሆኖ እንደ ባዕድ ታይቷል።

በነሱ ቤት ትምህርቱ የሚጀምረው ከታንኳው ነው። ልጅ መጀመሪያ ደንገል ይሸከማል። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ እየተደራረበ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀነበባል። ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ከሐይቅ ሲወጣ ቁሞ መንጠፍጠፍ አለበት፤ ያለዚያ ከብዶ ይበሰብሳል። ማታ ታንኳውን ማቆም የልጆች ሥራ ነው። ዕድሜው አጭር ስለሆነ ቶሎ ቶሎ አዲስ ይሠራል። ለዚህ ነው ልጁ ሙያውን የሚለምደው፤ አባቱ ቁጭ አድርጎ ስላስተማረው አይደለም። ከዚያ መቅዘፍ ይከተላል፤ ከዚያ ነፋስ ማወቅ። ጣና ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ሞገድ ስለሚያነሳ አጥማጅ በማለዳ ወጥቶ በጊዜ ይመለሳል። ጉማሬ የሚውልበትን መለየትም አለ። ይህን ሳያውቅ ልጅ ብቻውን አይለቀቅም።

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። እዚህ የሚወረሰው መንጠቆ ነው፤ ሥራም ሳይሆን ፍቅር። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት የዓባይን ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያል። ዕቃው ቀላል ነው፤ ቀጥ ያለ ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ፣ የናይለን ክር፣ መንጠቆ፣ ክሩን የምታሰምጥ ቁራጭ እርሳስ፣ ላዩ ላይ የምትንሳፈፍ ቡሽ ወይም የደረቀ ደንገል። የምድር ትል ልጁ ራሱ ቆፍሮ ያመጣል። ትሉን መንጠቆው ላይ መሰካት የመጀመሪያው ፈተና ነው። ትሉ ይሸሻል፣ መንጠቆው ጣት ይወጋል። ጫፉ ትንሽ ተንጠልጥሎ እንዲንቀሳቀስ መተው አለበት፤ ዓሣውን የሚጠራው እሱ ነው።

ቀጥሎ መጠበቅ። ቀረሶ ይለክፋል፤ ቡሿ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። ልጅ ሁሌም እዚህ ላይ ይቸኩላል። «ቆይ የኔ ልጅ፣ ይዋጠው» ይላል አባት። አምባዛ ግን ሲይዝ ቡሿን አንዴ ይዟት ይሰምጣል፤ ያኔ «ሳብ!» ነው። አምባዛ ውጭ አየር መተንፈስ ስለሚችል ሣሩ ላይ ተጥሎም ቶሎ አይሞትም፤ እየተጣጠፈ ወደ ውሃው ይመለሳል። ክንፉ ሥር ያለው እሾህ እጅ ይበሳል። ቀረሶም ጀርባው ላይ እሾህ አለው፤ ከራሱ ወደ ጅራቱ እየዳበሱ እሾሁን አስተኝተው ነው የሚይዙት። አንዴ የተወጋ ልጅ ሁለተኛ ማስረዳት አያስፈልገውም።

አመጋገቡም የትምህርቱ አካል ነው። «ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚባለው ለነጭ ዓሣ በትክክል ይሠራል፤ ሥጋው ውስጥ ቀጫጭን እሾህ ሞልቷል። ትንንሽ ልጆች ቀረሶ የሚሰጣቸው ለዚህ ነው። ቀረሶ ቅርፊቱ ይፋቃል፤ አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ቆዳው ይገፈፋል። ሴት ልጆች በአብዛኛው ሙያውን የሚያገኙት በዚህ በኩል ነው፤ ዓሣ በማጽዳት፣ በመጥበስ፣ ቋንጣ በማድረግ። መንጠቆ ይዛ ውሃ ዳር የምትቀመጥ ልጅ እምብዛም አትታይም። በኔ እምነት ይህ መለወጥ አለበት። ትዕግሥቱም ደስታውም ለወንድ ብቻ የተሰጠ አይደለም።

ከሁሉም ትልቁ ትምህርት የክረምቱ ነው። ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞች ይወጣሉ። በጎጃም በኩል ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ ወደ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ አለ። ጉማራ፣ ርብና መገጭ በጎንደር በኩል ናቸው። ዓሦቹ ጠጠር ያለበት ንጹሕ ወራጅ ውሃ ፈልገው እንቁላላቸውን እዚያ ይጥላሉ። ወደ ወንዙ ሲገቡ ተሰብስበው ስለሆነ መረብ መግቢያው ላይ የዘረጋ ሰው ያለ ድካም ይዛቸዋል። አንዳንዱ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃው ላይ ይበትናል፤ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ ጫጩቱም አብሮ ያልቃል። ብርብራም ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ዕውቀት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የወረደ ሁሉ መቀጠል የለበትም።

ጥሩ አጥማጅ አባት በክረምት ወንዝ መግቢያ ላይ መረብ አይጥልም፤ ልጁንም ለምን እንደሆነ ያሳየዋል። የቀረሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። መረብ ላይ የተያዘች ቀረሶ አፏን ስትከፍት እንቁላሉ ሲፈስ ያየ ልጅ «ይህቺን እንልቀቃት» የሚለውን ነገር ከማንም ሳይሰማ ይገባዋል።

ይህ ጥንቃቄ ድሮ ያን ያህል አንገብጋቢ አልነበረም። በታንኳ የሚያጠምድ ሰው ከዳር ብዙም አይርቅም፤ የሚይዘውም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኔዘርላንድ በመጣ ድጋፍ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ ገቡ። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ፤ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ዓሣ መሄድ ጀመረ፤ በዓቢይ ጾም ገበያው ይደራል። ዋጋው ግን ተከፍሏል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በጣና የነጭ ዓሣ ቁጥር በ75 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ክፉኛ የተጎዱትም እነዚያ ለመራባት ወንዝ የሚወጡት ናቸው። ሀብቱን ለመጠበቅ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጣ፤ የአማራ ክልልም የራሱን አወጣ። ወንዝ መግቢያ ላይ በሌሊት የሚጣለውን መረብ ግን አዋጅ ብቻውን አያነሳውም። የአባት ቃል እዚያ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በሐይቁ ላይ ታየ፤ የከፋው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ቢሆንም ለጣና አጥማጅ ሁሉ ስጋት ነው። መረብ ይይዛል፣ ታንኳ ያስቆማል። በባሕር ዳር ደግሞ ሕንፃና አጥር እየበዛ ልጅ መንጠቆውን ይዞ የሚቀመጥበት ክፍት ዳርቻ እየጠበበ ነው። ለከተማው ሕዝብ የሚሆን ዳርቻ በነፃ ክፍት ሆኖ መቆየት እንዳለበት ከልቤ አምናለሁ።

በሌላ በኩል ውሃ ባልነበረበት ውሃ መጥቷል። መራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ የተሠራው 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ለማልማት ነው። ሰው ሠራሹ ሐይቅ ግን ዓሣም ያዘ፤ አጥማጅም አፈራ። የአካባቢው የሜጫ ገበሬ ልጅ እዚያ መንጠቆ ሲጥል የሚያሳየው አጥማጅ አባት ላይኖረው ይችላል። ከጣና የመጣ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥና የክረምቱን ነገር ቢነግረው ለቆጋም ለልጁም ይበጃል።