ስለ ቴክኖሎጂ ፈንድ ጎጃም ውስጥ የምሰማቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ ለትንንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ፕሮፖዛል ሳግዝ ዓመታት ተቆጠሩ። ሞጣም ልሂድ ቢቸና፣ ስለ ቴክኖሎጂ ፈንድ፣ ማለትም ማኅበራት ሥራቸውን በቴክኖሎጂ እንዲያግዙ ለጋሾች ስለሚሰጡት ገንዘብ፣ የሚወራው ያው ነው። አንዳንዱ ወሬ ማኅበራቱን ገንዘብ እያሳጣቸው ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«የአገር ውስጥ ማኅበር ከውጭ ገንዘብ መቀበል ያስጠይቀዋል»

ይሄ ከድሮው ሕግ የቀረ ፍርሃት ነው። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ጉዳይ ላይ መሥራት አይችልም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ገደብ አንስቶታል። የተመዘገበ ማኅበር ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ መቀበል ይችላል።

«የቴክኖሎጂ ፈንድ ማለት የኮምፒውተር መግዣ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙው ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚሁ ነውና። ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚረዳ አንድ ማኅበር ረቂቁን አሳየኝ። አሥር ላፕቶፕ፣ ፕሪንተር፣ ሰርቨር ይላል። ለምን እንደሚፈለጉ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለውም። ቁጭ ብለን ስናወራ ግን ነገሩ ወጣ፤ የልጆቹ መረጃ ሦስት መዝገብ ላይ ተበታትኗል፣ ለማን ደብተር እንደተሰጠና ማን እንደቀረ ለማወቅ አንድ ሰው መዝገብ ሲያገላብጥ ይውላል፣ እንዲያም ሆኖ የሚዘለል ልጅ አለ። ለጋሹ ማንበብ የሚፈልገው ይሄንን ነው! አሥሩ ላፕቶፕ ወደ ሁለት ወረደ፤ የተረፈው ለሥልጠና፣ ለጥገናና ለመረጃ መዝጋቢዋ ደመወዝ ሆነ።

መብራት ሲጠፋስ? ኔትወርክ ሲቋረጥስ? በ2015 ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየ ሁላችንም እናውቃለን። ፕሮፖዛላችሁ ለዚህ መልስ ይኑረው።

«የራሳችንን ሶፍትዌር ካላሠራን ማንም አይረዳንም»

እንዲያውም ከዜሮ ማሠራት ለጋሹን ያሳስበዋል፤ የሠራው ባለሙያ ከተማ ሲቀይር ማን ያስተካክለዋል? ኮቦ ቱልቦክስ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ትንሽ ማኅበር በነጻ ሊጀምር ይችላል። ስልክ ላይ ያለ ኔትወርክ ይመዘግባል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። ጤና ሚኒስቴር ራሱ የሚጠቀምበት የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) ሥርዓት ነው።

«ሥልጠናና ደመወዝ ከጻፍን ከ20 በመቶ እናልፋለን»

አዋጅ 1113/2011 ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያለው የአስተዳደር ወጪን ነው። የቢሮ ኪራይ፣ የቢሮው መብራትና ኢንተርኔት፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ እዚያ ይገባሉ። የመዝጋቢዋ ደመወዝና የተጠቃሚዎች ሥልጠና ግን የፕሮጀክቱ ሥራ ስለሆኑ በፕሮጀክት ወጪ ይያዛሉ። በጀቱ ላይ ለየብቻ ጻፏቸው፣ ኦዲተሩም አይቸገርም።

«አዲስ አበባ ሰው የሌለው አያገኝም»

የካናዳ፣ የአውስትራሊያና የጃፓን ኤምባሲዎች ለአገር ውስጥ ማኅበራት አነስተኛ ፈንድ የሚሰጡባቸው ፕሮግራሞች አሏቸው፣ ጥሪ ሲያወጡም በይፋ ነው። ግን መመሪያውን ሳታነቡ አትጀምሩ። ለምሳሌ የጃፓኑ ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ አይሸፍንም፤ ስለዚህ የመዝጋቢዋን ደመወዝ ከየት እንደምታመጡ ቀድማችሁ መወሰን አለባችሁ።