ሪማስተር ምንድን ነው?

የድሮ ሮክ የሚሰማ ሰው ከዚህ ቃል አያመልጥም። የፒንክ ፍሎይድን ወይም የሌድ ዜፐሊንን አልበም ስልካችሁ ላይ ስትከፍቱ ከርዕሱ አጠገብ «ሪማስተርድ» የሚል ታገኛላችሁ። 2011 ወይም 2014 የሚል ዓመትም ይከተለዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ብዙዎቻችን «ድምፁ ተሻሽሏል ማለት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ቃሉ ግን እንደዚያ አይልም። ሥራው እንደገና መሠራቱን እንጂ ጥሩ መሠራቱን አይናገርም።

ከስቱዲዮው እንጀምር። በ70ዎቹ አንድ ባንድ ሲቀረጽ ድምፁ የሚያርፈው አምስት ሳንቲሜትር ስፋት ባለው የቴፕ ክር ላይ ነበር። ክሩ ላይ 16 ወይም 24 መስመሮች ጎን ለጎን አሉ። ድራሙ በራሱ መስመር፣ ቤዙ በራሱ፣ ዘፋኙም በራሱ። መሐንዲሱ ይህን ሁሉ አመጣጥኖ ወደ ሁለት መስመር፣ ወደ ግራና ቀኝ ያወርደዋል። ይህ ሚክስ ነው። ሚክሱ ያረፈበት ክር ደግሞ ማስተር ቴፕ ይባላል። ማስተሪንግ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያለቀው ሚክስ ለሸክላ፣ ለካሴት ወይም ለሲዲ እንዲስማማ ይዘጋጃል። ቤዙ ትንሽ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ይነሳል፣ ዘፈኖቹ በቮሊዩም ይመጣጠናሉ። ሪማስተር ማለት ይህን የመጨረሻ ሥራ ከዓመታት በኋላ መድገም ነው። ጊታሩን ብቻ ለይቶ ማንሳት አይቻልም፤ ተቀላቅሎ አልቋል። ወጥ ከወጣ በኋላ ጨው ይስተካከላል እንጂ ሽንኩርቱ ተለይቶ አይወጣም።

ታዲያ መድገሙ ለምን አስፈለገ? ሸክላ የራሱ ገደብ አለው። ቤዙ ከበዛ መርፌው ይዘላል። ስለዚህ ለሸክላ ተብሎ የተስተካከለ ሌላ ቅጂ ይዘጋጅ ነበር። በ1982 ሲዲ ገበያ ላይ ሲውል ኩባንያዎች ተጣደፉ። ብዙ ጊዜ እጃቸው ላይ የተገኘውን ክር፣ ያውም የቅጂ ቅጂ የሆነውን፣ እንዳለ ሲዲ ላይ ገለበጡት። ካሴት እያስቀዳ ያደገ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ከሙዚቃ ቤት ያስቀዳችሁትን ጓደኛችሁ ይቀዳዋል፣ ከእሱ ደግሞ ጎረቤቱ። ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ሹሹታው በዝቷል፣ የሲምባሉ ጥራት ደብዝዟል። ለዚህ ነው ስለ ማንኛውም ሪማስተር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከየትኛው ክር ተሠራ?» የሚለው ነው። ወደ መጀመሪያው ክር የተመለሰ ሪማስተር በእርግጥም መጋረጃ እንደ መግለጥ ሊሆን ይችላል።

ግን ክሩ ራሱ ያረጃል። በ70ዎቹ አጋማሽና ከዚያ ወዲህ የተሠሩ አንዳንድ ክሮች ማጣበቂያቸው እርጥበት እየሳበ ይበላሻል። እንዲሁ ቢያጫውቷቸው ይላጣሉ። መፍትሔው ይገርማል፤ ክሩ 50 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ይጋገራል። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ደህና ይጫወታል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይገለበጣል። የፍሊትውድ ማክ «ሩመርስ» (1977) ደግሞ ገና ሲሠራ ነበር ክሩ ያለቀው። ደጋግመው ስላጫወቱት ድራሙ ደበዘዘባቸው። ደግነቱ፣ ገና ሲጀመር የተቀዳ ሁለተኛ ክር ነበራቸው። አንድ ባለሙያ ሄድፎን አድርጎ አንዱን ክር በግራ ጆሮው፣ ሌላውን በቀኝ ጆሮው እየሰማ፣ ፍጥነታቸውን በእጁ እያስተካከለ አጋጠማቸው። ዛሬ የምንሰማው አልበም በዚህ ሰው ጆሮ የተረፈ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ኮምፕሬሽን ነው፣ ማለትም በዘፈኑ ዝቅ ባለውና ከፍ ባለው ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበብ፤ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው። ከ90ዎቹ ጀምሮ ኩባንያዎች ሲዲያቸው ከሌላው በልጦ እንዲጮህ ይፎካከሩ ነበር። ዝቅ ያለው ይነሳል፣ የከፍታው ጫፍ ይቆረጣል፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ከፍ ይደረጋል። የሌድ ዜፐሊንን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» አስቡት። በቀስታ ጊታር ይጀምራል፣ ድራሙ የሚገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ያ መግቢያ ልብ የሚመታው በፊቱ የነበረው ዝቅ ያለ ስለነበር ነው። መጀመሪያውን ከመጨረሻው ካስተካከላችሁት ዘፈኑ አለ፣ ነገሩ ግን የለም። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ፔጅ ከ2014 ጀምሮ አልበሞቹን በራሱ ክትትል ሲያስወጣ ይህን ልዩነት የመጠበቅ ጥንቃቄ ይሰማል። በሌላው ጫፍ የኢጊ ፖፕና የስቱጅስ «ሮው ፓወር» (1973) አለ። ኢጊ በ1997 እንደገና ሚክስ ሲያደርገው ሆን ብሎ እስከ ጥጉ አስጮኸው። እስካሁን ከወጡት ሁሉ በጣም ከሚጮኹት ሲዲዎች አንዱ ሆነ።

«እንደገና ሚክስ» ያልኩት በስህተት አይደለም፤ ይህ ሪሚክስ ይባላል፣ ከሪማስተር ይለያል። ሪሚክስ ሲደረግ ወደ ብዙ መስመሩ ክር ይኬዳል፣ ሽንኩርቱ ገና ከመቁላቱ በፊት ማለት ነው። የጄትሮ ታል «አኳላንግ» (1971) ለአርባ ዓመት ድምፁ ድፍን ነው ተብሎ ሲታማ ኖረ። በ2011 እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ስቲቨን ዊልሰን ከዋናው ክር ሚክስ ሲያደርገው ግን ጥርት ብሎ ወጣ። ችግሩ ቀረጻው ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ነበር። የትኛውም ሪማስተር ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር።

ሸክላ የሚሰበስቡ ደግሞ ዲጂታል የነካውን አይወዱም። በ2022 ሞባይል ፊደሊቲ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብዙ ሸክላዎች በዲጂታል ፋይል በኩል ያለፉ መሆናቸው ታወቀ። ገዢዎች ተቆጡ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የሚገዙትን ማወቅ መብታቸው ስለሆነ መቆጣታቸው ልክ ነው። ሆኖም እነዚያኑ ሸክላዎች ለዓመታት ሲያደንቁ የኖሩት ራሳቸው ናቸው። ድምፁን የሚያበላሸው ዲጂታል መሆኑ አይደለም።

በቤታችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ የአንድ አልበም ሁለት እትሞችን ያዙ። የሚጮኸውን ቀንሱትና ሁለቱን አስተካክሉ፤ ጆሮ ከፍ ያለውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ ስለሚሰማው ይህን ካላደረጋችሁ ትታለላላችሁ። ከዚያ ድራሙን ብቻ ስሙ። ዱላው ቆዳውን ሲመታ ይሰማችኋል? ወይስ ከጊታሩ ጋር ተጨፍልቋል? ስፖቲፋይን የመሳሰሉት ዛሬ ቮሊዩሙን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ስለዚህ ለመጮህ ተብሎ የተጨፈለቀው እትም እዚያ ላይ አይጮህም፤ መጨፍለቁ ብቻ ነው የሚቀረው።