ኩታ ገጠም እርሻ ምንድን ነው?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ ኩታ ገጠም እርሻን «የገበሬውን መሬት ጠቅልሎ አንድ ላይ የማረስ ፖሊሲ» ሲሉ ገለጹት፤ ሌላው ተወያይም «ደርግ ሞክሮት የከሸፈ ነገር ነው» በማለት አጸኑላቸው። በሌላ በኩል የመንግሥት ዘገባዎች ይህን ያህል ሺህ ሄክታር «በኩታ ገጠም ለማ» እያሉ በየዓመቱ ያበሥሩናል። ተቃዋሚውና አወዳሹ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚሳሳቱት በአንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሁለቱም ነገሩን የመሬት ስፋት ጉዳይ አድርገው ያዩታል።

ኩታ ገጠም፣ በሌላ ስሙ ክላስተር፣ ማለት ማሳቸው የሚዋሰን አርሶ አደሮች፣ እያንዳንዳቸው ይዞታቸውን እንደያዙ፣ አንድ ዓይነት ሰብል፣ ከተቻለም አንድ ዓይነት ዝርያ፣ በተቀራረቡ ቀናት ዘርተው፣ አረሙንና በሽታውን በአንድ ጊዜ ተከላክለው፣ ምርቱን በአንድነት ለገበያ የሚያቀርቡበት አሠራር ነው። የባልና የሚስት ፎቶ የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር ከቤት አይወጣም፤ ምርቱም ወደየባለቤቱ ጎተራ ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመጠቀም መብቱን ለባለይዞታው ይሰጣሉ፤ ወረዳ «ክላስተር ውስጥ አልገባህም» ብሎ ከማንም ላይ መሬት ሊነጥቅ አይችልም።

የደርጉ ንጽጽር ስለሚደጋገም ጥቂት ልቆይበት። በ1971 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ የተቋቋሙት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማልባ፣ ወልባና ወላንድ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ነበሯቸው። በማልባ መሬቱ የጋራ ሲሆን በሬና ማረሻ የግል ሆነው ይቆያሉ፤ በወልባ በሬውና መሣሪያውም ወደ ማኅበሩ ይገባሉ፤ ወላንድ ደግሞ እነዚህን በሰፊው የሚያዋህድ ነበር። አባሉ የሚያገኘው ድርሻ የሚሰላው በሠራው ሥራ በተያዘለት ነጥብ ነው። እዚያ የጠፋው የባለቤትነት ስሜት ነበር፤ ጎረቤቴ ለግሞ እኩል ከተካፈለ እኔ ለምን እደክማለሁ የሚለውን ጥያቄ ማኅበሩ ሊመልስ አልቻለም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አባላቱ በአብዛኛው ቦታ ምንም ሳይቆዩ መሬቱንና በሬውን ተከፋፍለው ተበተኑ። በኩታ ገጠም የሰነፈ ሰው ምርት የሚያንሰው በራሱ ማሳ ላይ ነው። ይህ ልዩነት ጥቃቅን የአሠራር ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ማልባ ውስጥ የነበሩ አዛውንት ፈልጎ ይጠይቅ።

ለከተማ ሰው ነገሩን ለማስረዳት የጋራ መኖሪያ ቤትን ማሰብ ይቀላል። በኮንዶሚኒየም ውስጥ እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱ ካርታና የራሱ ቁልፍ አለው፤ ማንም ሳሎኑን ከማንም ጋር አልቀላቀለም። ደረጃው፣ የውሃ ታንከሩ፣ የፍሳሽ መስመሩና ጥበቃው ግን የጋራ ናቸው፤ የሚዋጣውም ለእነርሱ ነው። አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ቧንቧውን ክፍት ትቶ ቢወጣ የሚረጥበው የሦስተኛ ፎቁ ጣሪያ ነው፤ በጥቁር አፈር አካባቢም ከላይ ያለው ማሳ ማጠንፈፊያ ቦዩን ያለ ስምምነት ቢያወርደው ውሃው ከታች ባለው ስንዴ ላይ ይተኛል። ኮሚቴ የሌለው ሕንፃ ደረጃው እንደሚቆሽሽ ሁሉ፣ ተሰብስቦ የሚወስን የገበሬ ቡድን የሌለው ክላስተርም ከስም አያልፍም። ምሳሌው የሚሰናከልበት ቦታም አለ። የኮንዶሚኒየም ጎረቤት በዕጣ የመጣ ባዕድ ነው፤ የማሳ ጎረቤት ግን ብዙውን ጊዜ ወንድም፣ አማች ወይም በወሰን የተካሰሰ ባላጋራ ስለሆነ፣ ቡድኑን ማደራጀት ከግብርና ባለሙያው ይልቅ የሽማግሌ ሥራ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የወረዳ አስተዳደር ይህን አሠራር የሚፈልግበት ምክንያትም ከመሬቱ ስፋት ይልቅ ከራሱ ኪስ ጋር ይያያዛል። ወረዳ በድጎማ የሚያገኘው በጀት በአብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል፤ ለካፒታል ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በእጁ ያለው ሀብት ሰው ነው። በየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት የልማት ሠራተኞች እንዲኖሩ ቢታሰብም፣ አንድ የሰብል ባለሙያ በመቶዎች የሚቆጠሩ አባወራዎችን በየማሳቸው ሊያዳርስ አይችልም። ሃምሳ ጎረቤታሞች ተመሳሳይ ሰብል በተመሳሳይ ሳምንት ከዘሩ ግን አንድ ጉብኝት ለሃምሳው ይበቃል፤ ምርጥ ዘሩም ማዳበሪያውም በአንድ ጭነት ይደርሳል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ የዛሬው ኢንስቲትዩት፣ የክላስተርን አሠራር ከክልሎች ጋር ሲያስፋፋ መነሻው ይኸው የአገልግሎትና የገበያ ስሌት ነበር።

የኮምባይነሩን፣ ማለትም እህል አጭዶ የሚወቃውን ማሽን፣ ጉዳይ በቅርብ ብናየው ስሌቱ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ያህል የሚሆን ማሳ፣ ቁመቱ መቶ፣ ወርዱ ሃያ አምስት ሜትር ነው እንበል። የኮምባይነሩ ማጨጃ ስፋቱ ከአራት ሜትር ስለሚበልጥ ማሳውን ቢበዛ በስድስት ምልልስ ይጨርሰዋል። በየምልልሱ ጫፍ ለመዞር ግን የጎረቤትን ማሳ መርገጥ አለበት፤ የጎረቤቱ ስንዴ ገና ካልደረቀ ጠቡ እዚያው ይጀመራል። በሄክታር ሠላሳ ኩንታል ቢገኝ እንኳ ከዚህ ማሳ የሚወጣው ሰባት ወይም ስምንት ኩንታል ስለሆነ፣ በአርሲና በባሌ በኩንታል እያስከፈለ የሚያጭድ የኮምባይነር ባለቤት ለዚያች ብቻ መንገድ አይገባም። ሃምሳ ማሳዎች በአንድ ሳምንት ሲደርሱ ግን ደላላው ራሱ ስልክ ይደውላል። ሁለት ሳምንት ዘግይቶ የዘራ አንድ ሰው ካለ፣ ኮምባይነሩ ወደ ሌላ ቀበሌ ካለፈ በኋላ እርሱ ማጭድ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የኩታ ገጠም ዋናው መለኪያ የመጀመሪያው ማሳና የመጨረሻው ማሳ በተዘሩበት ቀን መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህን ቁጥር በሪፖርት ውስጥ አላየሁትም ማለት ይቻላል።

ሪፖርቱ ውስጥ ያለው ሄክታር ነው፤ ሄክታር ደግሞ ለመጨመር ቀላል ነው። አንድ ቀበሌ በሙሉ ጤፍ የሚዘራ ከሆነ፣ ማንም ከማንም ጋር ሳይመክር በልማድ የተዘራውን ሁሉ «ኩታ ገጠም» ብሎ መመዝገብ ምንም ወጪ የለውም። ለመስክ ቀን እንግዳ የሚመጣበት ማሳ ከዋናው መንገድ ዳር ተመርጦ ታፔላ ይተከልበታል። ይህን ማሳ ከወንዝ ማዶ ካለው ተዳፋት ጋር አነጻጽሮ «ክላስተር ምርት በእጥፍ ጨመረ» ማለት ደግሞ የምርጥ ዘሩን፣ የአፈሩን ለምነትና የመንገዱን ቅርበት ጥቅም ሁሉ ለአደረጃጀቱ መስጠት ነው። እኔ ክላስተር ምርት ይጨምራል ብዬ አምናለሁ፤ ምን ያህል እንደሚጨምር ለማወቅ ግን ተመሳሳይ አፈርና ተመሳሳይ ግብዓት ያላቸውን ማሳዎች ማወዳደር ይገባል።

ደጋፊዎች የማይወዱትን አንድ ነገርም ማንሣት አለብኝ። በሽታ መከላከል ላይ የሠራ ሰው «አንድ ዝርያ በሰፊ መሬት» የሚለውን ሲሰማ ደስታው ሙሉ አይሆንም። በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ኩብሳ የተባለውን በሰፊው የተዘራ የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ጎዳው። ብዙ አርሶ አደሮች ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ተሻገሩ፤ በ2005/06 ደግሞ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ በአርሲና በባሌ ዲገሉን አወደመው። በአንድ ሕንፃ በአንዱ ቤት የገባ በረሮ ግድግዳ እንደማያግደው፣ የዋግን ብናኝም የማሳ ወሰን አያግደውም። ሃምሳው ሰው በአንድ ቀን መርጨት መቻሉ የክላስተር ጥቅም ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ዝርያ መያዛቸው ግን አደጋውን አስቀድሞ ያሰፋዋል። በአንድ ክላስተር ውስጥ አንድ ዝርያ፣ በአጎራባቹ ክላስተር ሌላ ዝርያ ማድረግ ይቻላል። ይህን ማቀናጀት ግን የአንድ ቀበሌ አቅም አይደለም፤ ከወረዳው የሚጠበቅ ሥራ ነው።

ገበያውም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ካጨደ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይሸጣል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ዩኒየን ወይም እንደ ብቅል ፋብሪካ ያለ ገዢ አስቀድሞ ውል ካልገባ፣ ዋጋውን የሚወስነው በውድማው ዳር መኪናውን ያቆመ ነጋዴ ነው። ገለባውም ይታሰብበት፤ ኮምባይነር የበተነውን ገለባ ለመሰብሰብ አድካሚ ስለሆነ፣ ከብቱን የሚቀልበው በገለባ የሆነ አርሶ አደር በእጅ ማጨድን ቢመርጥ ኋላ ቀር ሊባል አይገባውም።

በወረዳ የሥራ ሂደት ውስጥ በቀላሉ ሊታረም የሚችለው ግን የአባላት ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ከይዞታ ደብተሩ ስለሆነ የባለመሬቱን ስም ይይዛል፤ በብዙ ቀበሌዎች ግን አቅም ያነሳቸው አዛውንቶችና ባል የሌላቸው ሴቶች መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ይሰጣሉ። የሚዘራበትን ቀን የሚወስነው፣ በሬውን የሚጠምደው፣ ማዳበሪያውን የሚበትነው እኩል አራሹ ሆኖ ሳለ፣ ለሥልጠና የሚጠራው ግን ባለመሬቱ ነው። በመዝገቡ ላይ «ባለይዞታ» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «አራሽ» የሚል ዓምድ መጨመርና ሁለቱንም ወደ ስብሰባው መጥራት ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።