ዳወር ምንድን ነው? ጥሎሽስ ለምን አይደለም?

ሰሞኑን ስለ አንዲት የመካከለኛው ዘመን እንግሊዛዊት ወይዘሮ የተጻፈ ነገር አነበብኩ። ሦስት ባል አግብታ፣ ከሦስቱም ጥሎሽ ሰብስባ ሀብታም ሆነች ይላል። ወይዘሮዋ ኤልሳቤጥ ደ ክሌር ናት። «ጥሎሽ» ተብሎ የተተረጎመው ቃል ደግሞ ዳወር ነው። ይህን ትርጉም ስንት ቦታ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ግን በቃኝ።

ጥሎሽን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የወንዱ ወገን ለሙሽራዋ ይዞት የሚመጣው ልብስና ጌጥ ነው። ይሰጣታል፣ የራሷ ይሆናል፣ አለቀ። ዳወር ግን የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ነው፤ የሚጀምረውም ባል ሲቀበር ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ከመሬቱ ሲሶውን ይዛ፣ ዕድሜ ልኳን ገቢውን የምትበላበት መብት ነው። መሬቱ ግን የእሷ አይሆንም። ለፈለገችው አታወርሰውም። ስትሞት ወደ ባሏ ወራሾች ይመለሳል። እኔ በአማርኛ «የመበለት ሲሶ» እለዋለሁ።

«ዳውሪ» የሚባል ሌላ ቃል መኖሩ ነገሩን ያባብሰዋል። ዳውሪ የሴቷ አባት ልጁን ሲድር አብሮ የሚሰጠው ንብረት ነው። ዳወር ከባል በኩል፣ ዳውሪ ከአባት በኩል። በድምፅ ስለሚቀራረቡ ብቻ አንድ ላይ ይጨፈለቃሉ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። በዚያው ጽሑፍ ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ይከራከራል፦ «ኤልሳቤጥ የክሌር ቤተሰብን መሬት ሲሶ አግኝታለች፤ ሲሶ ደግሞ ዳወር ነው፤ ስለዚህ ሀብቷ ከባል የመጣ ነው።» ሲሶ ማግኘቷ እውነት ነው። የቀረው ግን በሙሉ ስሕተት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዘጠኝ ክፍል ያለው የሚከራይ ቤት አስቡ። አባት ለአንድ ወንድ ልጁ ትቶት ሞተ። ልጁም ሳይወልድ ሞተ። ሚስቱና ሦስት እህቶቹ ቀሩ። መጀመሪያ ሚስትየዋ ሦስት ክፍል ትይዛለች። ኪራዩን ትቀበላለች። የቀሩት ስድስት ክፍሎች ለእህቶቹ ሁለት ሁለት ይደርሷቸዋል። ሚስትየዋ ስታርፍ ሦስቱ ክፍሎች ይመለሱና ለእያንዳንዷ እህት አንድ ይጨመርላታል። አሁን እያንዳንዷ ሦስት ክፍል አላት። ከዘጠኝ ሦስት ሲሶ ነው። ሚስትየዋም ይዛ የነበረው ሲሶ ነው። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነው፣ መብቱ ግን አይገናኝም። የእህቶቹ ርስት ነው፤ ከእነሱ ወደ ልጆቻቸው ያልፋል።

በክሌር ቤት የሆነው ልክ ይህ ነው። የኤልሳቤጥ ወንድም ጊልበርት፣ የግሎስተር ኧርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ በሰኔ 1314 በባኖክበርን ጦርነት ላይ ተገደለ። ልጅ አልነበረውም። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ ወንድ ልጅ ካለ ለታላቁ ሁሉንም ይሰጥ ነበር፤ ወንድ ከሌለ ሴቶቹ እኩል ይካፈሉ ነበር። ወራሾቹ ሦስቱ እህቶች ነበሩ፦ ኤሌኖር፣ ማርጋሬትና የመጨረሻዋ ኤልሳቤጥ። ግን የጊልበርት ሚስት ማውድ አርግዣለሁ አለች። ልጅ ከተወለደ እህቶቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ስለዚህ ሁሉም ጠበቀ። ዘጠኝ ወር አለፈ። ዓመት አለፈ። ማውድ አሁንም እርጉዝ ነኝ ትላለች። ክፍፍሉ የተፈጸመው በ1317 ነው። የማውድ ሲሶ መጀመሪያ ወጣላት፣ የቀረው ለሦስት ተከፈለ። እሷ በ1320 ስትሞት የእሷም ድርሻ ለሦስት ተከፈለ። ኤልሳቤጥ በሳፎክ ያለችውን ክሌርን፣ በዌልስ ደግሞ አስክን ያገኘችው ከአባቷ ወገን ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዳወር የወሰደችው ማውድ ናት!

የቤቱን ምሳሌ ትንሽ ልግፋው። ሦስት ክፍል የያዘችው መበለት በር ነቅላ፣ ቆርቆሮ አንስታ መሸጥ አትችልም። በ1278 የወጣው የግሎስተር ሕግ በዳወር የያዘችውን ያበላሸች ሴት ያበላሸችውን ቦታ እንድታጣ፣ ጉዳቱንም ሦስት እጥፍ እንድትከፍል ያዝዛል። ደኑን ጨፍጭፎ መሸጥ አይቻልም ማለት ነው። ምሳሌው የሚጎድልበት ቦታም አለ። መሬቱ የሚከፋፈለው በቁጥር ሳይሆን በዓመት ገቢው ተገምቶ ነው። ኬንት ውስጥ ደግሞ በአካባቢው ልማድ መበለቷ ግማሽ ታገኝ ነበር፣ ዳግም እስካላገባች ድረስ። ሲሶ ስል እነዚህን እያሰባችሁ አንብቡኝ።

ታዲያ ከባሎቿ ምንም አላገኘችም? አግኝታለች። ግን እያንዳንዱ በሌላ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ባሏ ጆን ደ በርግ፣ የአልስተር ኧርል ልጅ፣ በ1313 ሞተ። አባቱ እስከ 1326 በሕይወት ነበር። ጆን የአባቱን መሬት ገና ስላልያዘ ከዚያ ላይ ዳወር የሚባል ነገር የለም። ያዳናት «ጆይንቸር» ነው፤ ካርታው በባልና በሚስት ስም ወጥቶ፣ በሕይወት የቀረው ሙሉውን ይዞ የሚቀጥልበት ውል። በአየርላንድ የነበራት መሬት በዚህ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ቲዮባልድ ደ ቨርዱን ነው። በ1316 መጀመሪያ ከብሪስቶል ግንብ ጠልፎ አገባት ተብሎ ተከሰሰ። እሱ በፈቃዷ ነው የመጣችው ብሎ ተከራከረ። በስድስት ወር ገደማ ሞተ። እዚህ ላይ እውነተኛ ዳወር አለ። ስድስት ወር የተኖረ ትዳር ሲሶውን ዕድሜ ልኳን ሰጣት። ቲዮባልድ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ወራሾቹ አራት ሴቶች ልጆች ነበሩ። አራተኛዋ ኢዛቤላ ከአባቷ ሞት በኋላ ከኤልሳቤጥ የተወለደችው ናት። ኢዛቤላ በ1349 ሞተች። እናቷ ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ኖረች። ልጅ እናቷ በያዘችው ሲሶ ውስጥ የነበራትን ድርሻ በእጇ ሳታስገባ አለፈች።

ሦስተኛው ሮጀር ዳሞሪ በንጉሡ ላይ አምፆ በመጋቢት 1322 ሞተ። የአመፀኛ ሚስት ዳወሯን ታጣለች። የአባቷ ርስት ግን የራሷ ነውና በባሏ ጥፋት በሕግ አይወሰድም። በተግባር ግን ተወሰደ። ኤልሳቤጥ ከልጆቿ ጋር ባርኪንግ ገዳም ተዘጋባት። የእንግሊዝ መሬቷ በዚያው ዓመት ተመለሰላት። የታላቅ እህቷ የኤሌኖር ባል ሂው ዴስፔንሰር ግን አስክን በሌላ የዌልስ ግዛት፣ በጋወር፣ እንድትለውጥ አስገደዳት፤ ቀጥሎ ጋወርንም አጣች። በ1326 ዴስፔንሰር ገና በሥልጣን ላይ ሳለ ይህን ሁሉ በተቃውሞ ጽሑፍ አስመዘገበች። ያን ወረቀት ጥሎሿን እንደተቀማች ሙሽራ አቤቱታ አድርጎ ማንበብ ለእኔ ይከብደኛል። አባቷ የተወላትን ርስት የተነጠቀች ወራሽ ነች። ዴስፔንሰር ሲወድቅ አስክን አስመለሰች።

ዳሞሪ ሲሞት በ26 ዓመቷ መበለት ሆና ቀረች። ዳግም አላገባችም። የ1215ቱ ማግና ካርታ መበለት ያለ ባል መኖር ከፈለገች እንዳትገደድ ይላል። ባሏ ቤት 40 ቀን እንድትቆይ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዳወሯ እንዲለይላትም ያዝዛል። 38 ዓመት ራሷን ችላ ኖረች። በካምብሪጅ የሚገኘውን ክሌር ኮሌጅ በገንዘቧ መልሳ አቋቋመች፤ ስሙም የአባቷ ቤት ስም ነው።

በኅዳር 1360 ስትሞት መሬቱ በአንድነት አልሄደም። የክሌር ርስት ለልጅ ልጇ ለኤልሳቤጥ፣ ለንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ልጅ ለላዮነል ሚስት ሆነ። በ1316 የተያዘው ሲሶ ግን ከ44 ዓመት በኋላ ወደ ቨርዱን ወራሾች ተመለሰ።