አውሮፕላን ቀለም ሲቀየርለት «ዳግም ማመጣጠን» የሚታዘዘው ለምንድን ነው?

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን የሚመለከት ሰው፣ የአውሮፕላን ቀለም የሚቀየረው እንደ ታክሲ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጋራዥ ውስጥ አሮጌው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈግና፣ ስቱኮ ተለጥፎበት አዲሱ ይረጫል፤ ሚዛን የሚያነሣ የለም። በአውሮፕላን ላይ ግን «ዳግም ማመጣጠን» የሚል ትእዛዝ ይከተላል።

ጅራቱ ላይ ያሉት ራደርና ኤሌቬተር፣ ክንፉ ላይ ያለው ኤይለሮንም፣ አውሮፕላኑን ለመምራት በማጠፊያ ላይ የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች ናቸው። በብዙ አውሮፕላኖች ላይ፣ ከማጠፊያው በስተኋላ ያለው ክብደት ከተፈቀደው ልክ እንዳያልፍ ከፊት በኩል ማመጣጠኛ ክብደት ይታሰርላቸዋል። በአሮጌው ቀለም ላይ ሌላ ንብርብር ሲጨመር ጭነቱ ወደ ኋላ ያደላል፤ በዚህም ምክንያት በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ «ፍላተር» የተባለ፣ ራሱን በራሱ እያባባሰ የሚሄድ መርገብገብ ሊነሣና ክፍሉን ሊገነጥለው ይችላል። ስለዚህ የአምራቹ የጥገና መመሪያ በሚያዘው መሠረት የክፍሉ ሚዛን ተለክቶ ይስተካከላል። ጥቂት ግራም ለሚመስል ነገር ይህን ያህል ድካም የበዛ ቢመስልም፣ በእኔ እምነት አልበዛም።

አሮጌውን ማንሣትም የራሱ ሕግ አለው። አሉሚኒየም ላይ ኬሚካል ይቀባና ቀለሙ ተነፋፍቶ ሲሸበሸብ ይገፈፋል፤ በስለት መፋቅ ግን፣ ጭረቱ የስንጥቅ መነሻ ስለሚሆን፣ ክልክል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ በክብደት ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ፋይበርና መሰል ውህዶች የተሠራ በመሆኑ፣ ጠንካራው ኬሚካል ቃጫውን የያዘውን ሙጫ ሊያጠቃው ይችላል።